ደሴ ልቅር ወይስ አዲስ አበባ ልግባ? ስለ ደሞዝ፣ ኑሮና ቁጠባ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ስድስት ዓመት በደሞዝ ሂሳብ ሠራተኛነት ቆይቻለሁ። አሁን ደሴ ተመልሼ ያንኑ ሥራ እሠራለሁ። ወር በመጣ ቁጥር የሰው ሁሉ ደሞዝ በእጄ ስለሚያልፍ ለቅሶ ቤትም፣ ቡና ላይም፣ ፒያሳ ታክሲ ስጠብቅም የምጠየቀው ያው ነው፤ «የቱ ያዋጣል?» በየቦታው ከምደጋግመው ብዬ እዚህ ሰብሰብ አደረግኩት። የግብርና የጡረታ ቁጥሮቹ የሕግ ናቸው። የኪራይና የአስቤዛዎቹ ግን ለስሌት እንዲመቹ ያስቀመጥኳቸው ስለሆኑ አውጥታችሁ የራሳችሁን ተኩባቸው።

አዲስ አበባ 25 ሺህ፣ ደሴ 16 ሺህ ብር እንክፈልህ ተባልኩ። በ9 ሺህ ብር ልዩነት ምን ማሰብ ያስፈልጋል?

9 ሺው ያለው ወረቀት ላይ ነው። እጅህ ላይ ሲደርስ 5,220 ብር ይሆናል።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የተሻሻለ የገቢ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም። ከዚያ በኋላ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ይወጣና ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በዚያ ላይ ለጡረታ ከአንተ 7 በመቶ ይነሳል፤ አሠሪው ከራሱ 11 ይጨምርበታል። ስለዚህ ከ25 ሺው ላይ ግብር 6,700፣ ጡረታ 1,750 ሄዶ 16,550 ብር ይደርስሃል። ከ16 ሺው ላይ ግብር 3,550፣ ጡረታ 1,120 ሄዶ 11,330 ብር።

በራስህ ልታሰላው ከፈለግህ፣ ደሞዝህ ከ14 ሺህ በላይ ከሆነ ጠቅላላውን በ0.35 አባዛና 2,050 ቀንስ፤ ግብርህ እሱ ነው። ከ10 ሺህ እስከ 14 ሺህ ባለው ደግሞ በ0.30 አባዝተህ 1,350 ትቀንሳለህ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ቁጥር ያዝልኝ፤ 58። ከ14 ሺህ በላይ ቀጣሪ የሚጨምርልህ እያንዳንዱ 100 ብር ኪስህ የሚገባው 58 ሆኖ ነው። ሰው «አምስት ሺህ ጨመሩልኝ» ብሎ ሻንጣውን ሲያስር 2,900 ብር እየተከተለ መሆኑን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ስትደራደር ከጥሬ ደሞዙ ይልቅ የትራንስፖርት አበል ላይ ብትበረታ ይሻልሃል፤ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ከግብር ነፃ ነው።

እሺ፣ ከዚያ ውስጥ ምን ይተርፋል?

በሦስት ሰው እናስላው። ሦስቱም ያላገቡ ናቸው።

የመጀመሪያው አዲስ አበባ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይቷል። ኪራይ 8,000፣ ምግብ 5,000፣ ታክሲ 1,500፣ ስልክና ልዩ ልዩ 1,000 እንበል። ከ16,550 ላይ 15,500 ወጥቶ 1,050 ብር ይተርፈዋል።

ሁለተኛው ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ተከራይቷል። ኪራይ 3,500፣ ምግብ 4,000፣ ባጃጅና ታክሲ 500፣ ልዩ ልዩ 1,000። ከ11,330 ላይ 9,000 ወጥቶ 2,330 ይተርፋል።

ሦስተኛው ደሴ እናቱ ቤት ነው። ለአስቤዛ 3,000 ይሰጣል፤ ታክሲና ልዩ ልዩው እንደ ሁለተኛው ነው። 6,830 ብር ይተርፈዋል።

አሁን ልብ በሉ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት 1,280 ብር ነው። ያንን በ0.58 ስታካፍሉት 2,200 ገደማ ይመጣል፤ አዲስ አበባ 27,200 ብር ቢከፍል ሁለቱ እኩል ሆኑ ማለት ነው። ሦስተኛውን ለማካካስ ግን አዲስ አበባ 35 ሺህ ሊከፍል ይገባል። ትልቁን ብር የፈጠረው የደሴ ርካሽነት ሳይሆን የእናትየው ቤት ነው። «ወሎ ኑሮ ርካሽ ነው» ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ሲጣሩ ኪራይ የማይከፍሉ ሆነው ይገኛሉ።

በነገራችን ላይ የሦስተኛው ሰውዬ 6,830 ብር ሁሉ የራሱ ቁጠባ አይደለም። በ3,000 ብር አንድ ጎልማሳ ወር ሙሉ አይበላም፤ ልብሱም በነፃ አይታጠብም። የጎደለውን እናቱ እየሸፈነች ነው። ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ፤ ሂሳብ ነውና ልተወው አልችልም።

ደሴ ሁሉ ነገር ይረክሳል የሚባለውስ?

ግማሹ እውነት ነው። ከገበሬ በቀጥታ የሚመጣው ይረክሳል። ጤፉ ከጃማም ከቆቦም ይገባል፣ ሽንኩርቱና ፍራፍሬው ከመርሳ፣ ዓሣው 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው ከሐይቅ። ሰኞ ገበያ ወጥቶ ራሱ ለሚገዛ ሰው ልዩነቱ ይታያል። ማታ ከሥራ ሲወጣ ከሰፈር ሱቅ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ለሚይዝ ሰው ግን ያን ያህል አይደለም።

ከፋብሪካና ከውጭ የሚመጣው ሌላ ታሪክ ነው። ዘይት፣ ሳሙና፣ መድኃኒት፣ ጫማ፣ የስልክ ቀፎ፣ የመኪና ዕቃ፤ ብዙው 400 ኪሎ ሜትር በጭነት መኪና ተጉዞ ነው የሚደርሰን። የመኪናው ኪራይ ከላዩ ላይ ይጣልበታል፤ መንገድ የተዘጋ ሰሞን ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል። የሞባይል ጥቅል ዋጋ ደሴም አዲስ አበባም ያው ነው። ስለዚህ ገቢው አነስተኛ የሆነና ወጪው በአብዛኛው እህልና ኪራይ የሆነ ሰው ደሴ ይጠቀማል። ገቢው ከፍ ብሎ ወጪው ወደ ዕቃና ወደ ሕክምና ያጋደለ ሰው ያን ያህል አይጠቀምም። ከበድ ያለ ሕመም ከመጣማ አዲስ አበባ መውረድ አለ፤ ትኬቱ፣ አልጋው፣ አስታማሚው።

ሰው የማይቆጥረውን አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ምሳ። አዲስ አበባ ሳለሁ ከቢሮ እስከ ቤት በሁለት ታክሲ ነበር፤ ምሳ የግድ ውጭ ነው፣ ወይ ኮንትራት ይዞ መብላት ነው። ደሴ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በእግሬ ቤት እገባለሁ። ሽሮው በድስቱ ይፈላል፣ እንጀራው ሞሰብ ውስጥ ነው፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ነኝ። በወር ሃያ ሁለት ምሳ አስቡት። ደብተሬ ላይ ከኪራይ ቀጥሎ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይኸው ነው።

ልጄ አዲስ አበባ ደህና ይከፈለዋል ይባላል፤ ታዲያ ለምን ደህና ገንዘብ አይልክልኝም?

እማማ፣ አብሽሩ፤ ልጅዎ አልከዳዎትም። ከላይ ያለውን የመጀመሪያውን ሰው ያስነብቡት፤ 25 ሺህ እየተባለለት የሚተርፈው 1,050 ብር ነው። ከዚያ ላይ 500 ከላከልዎ ግማሽ ጎኑን ነው የላከልዎ።

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ለእኔስ ለውጥ አለው?

ከሁሉም ይልቅ ለእናንተ ነው ያለው። የመንግሥት የደሞዝ እርከን አገር አቀፍ ስለሆነ መነሻው ደሴም ወልድያም አዲስ አበባም አንድ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ለዲግሪ ምሩቅ መነሻው 11,500 ብር ሆኗል፤ ግብር 2,100፣ ጡረታ 805 ሲነሳ 8,595 ብር ይደርሳል። በዚህ ብር አዲስ አበባ ብቻውን ቤት የሚከራይ ሰው ካለ አስተዋውቁኝ። ደባል መፈለግ ወይም ከዘመድ መጠጋት ነው። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ለመንግሥት ሠራተኛ የሰርቪስ አውቶቡስ አለ፤ በአንዳንድ መሥሪያ ቤትም ልዩ አበል አለ። እነሱን በብር ቀይራችሁ ደምሩና ከኪራዩ ልዩነት ጋር አስተያዩ። በብዙ ሰው ደብተር ላይ አይደርስም።

የባንክ ሠራተኞችም ወደዚሁ ትቀርባላችሁ፤ ዝውውር ስትጠይቁ የቤት አበሉ በከተማው ደረጃ ይቀንስ እንደሆነ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ኮምቦልቻ እየሠሩ ደሴ መኖር ያዋጣል?

ብዙ ሰው ያደርገዋል። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግን የሐረጎ ጠመዝማዛ አለበት፤ ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ሹፌሩም ተሳፋሪውም ዝም ይላል። ቤተሰብ ደሴ ካላችሁና ኪራይ የማትከፍሉ ከሆነ የሚኒባሱ ወጪ ከኪራዩ ያንሳል፤ ያዋጣል። ደሴ ተከራይታችሁ ኮምቦልቻ መመላለስ ግን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ኮምቦልቻ ራሷ በየዓመቱ እየተወደደች ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነበር፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 መጨረሻ ሲከፈት ቤት ፈላጊው በአንዴ በዛ። ፋብሪካ የምትገቡ ወጣቶች አንድ ነገር እወቁ፤ በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ ደሞዝ የለም። ስለዚህ «መነሻው ስንት ነው» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ ምሳ ይሰጣል ወይ፣ ሰርቪስ አለ ወይ፣ የትርፍ ሰዓቱ እንዴት ይታሰባል ብላችሁ ጠይቁ። ምሳና ሰርቪስ የሚሰጥ ፋብሪካ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ቢከፍልም ሊበልጥ ይችላል። ልጃገረዶቹ ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ እንጀራም በተራ ይጋግራሉ። ከእነሱ መካከል ከባንክ ሠራተኛ የበለጠ የምትቆጥብ አይቻለሁ።

ቤት ስከራይ ምን ልጠንቀቅ?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ፤ አንብቡት። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት በታች አይሆንም፣ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ አይጠየቅም፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው። አፈጻጸሙ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ ያላችሁበትን ቀበሌ ወይም ወረዳ ጠይቁ።

ይህን የምለው ስለቀመስኩት ነው። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት አዲስ አበባ በሦስተኛ ዓመቴ፣ ጳጉሜ ላይ፣ አከራዬ በሩን አንኳኩተው «ልጄ ከውጭ ልትመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» አሉኝ። ውላችን የአፍ ነበር። ለደላላ ከፈልኩ፣ ዕቃዬን የሚያነሳ አይሱዙ ተከራየሁ፣ አዲሱ ቤት መጋረጃው አልበቃ ብሎ ሌላ ገዛሁ። የዓመት ቁጠባዬ በአንድ ሳምንት አለቀ። ልጅቷ አልመጣችም፤ ሌላ ተከራይ ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ ውድ ከተማ ስታሰሉ «የመባረር ወጪ» የምትል መስመር ጨምሩ እላለሁ። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ቤት ይቀየራል ብላችሁ ወጪውን ለ24 ወር አካፍሉትና ኪራዩ ላይ ደምሩት።

የተረፈውን የት ላስቀምጥ?

አንዱ ባንክ ነው። ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ለቁጠባ ከ7 በመቶ በታች ወለድ እንዳይከፈል ወስኗል፤ 10,000 ብር በዓመት 700 ብር ያመጣል ማለት ነው። የጤፍን አካሄድ ላየ ሰው 700 ብር ብዙ አይደለም፤ ግን የትራስ ስር ብር እሷንም አታመጣም። ወለድ ለማይፈልግ ሰው ከወለድ ነፃ መስኮት ያላቸው ባንኮች ደሴ በየመንገዱ ናቸው። ሒሳብ ሲከፈት ወዲዓ ነው ሙዳረባ ብላችሁ ጠይቁ፤ ወዲዓው አደራ ብቻ ነው፣ ሙዳረባው ከትርፍ ይካፈላል። ልዩነቱን ሳያውቅ ለዓመታት ብሩን ወዲዓ ውስጥ ያስተኛ ብዙ ነው።

እቁብ ወለድ የለውም፤ ያለው ይሉኝታ ነው። ዳኛው እሁድ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ «ዛሬ አልሞላልኝም» ማለት ያሳፍራል፤ የሚያስቆጥበውም ያ ነው። መጀመሪያ ላይ የወጣለት ሰው ብድር ያለ ወለድ አገኘ ማለት ነው፤ መጨረሻ የወጣለት ያጠራቀመውን ብቻ ነው የሚያገኘው፣ ያውም የብሩ አቅም ቀንሶ። ስለዚህ ረጅም እቁብ አልወድም። ዋስ የማይጠይቅ እቁብ ደግሞ አትግቡ።

ሦስተኛው የእናቶቻችን ዘዴ ነው። ጥር ላይ፣ አውድማው ከተነሳ በኋላ፣ የዓመቱን ጤፍ በኩንታል መግዛት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በኪሎ ከሚገዛ ሰው ጋር ስታስተያዩት ከባንክ ወለድ ይበልጣል። ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ማሽላና በቆሎ ግን ይበላባችኋልና አታስቀምጡ። ይህ ዘዴ አዲስ አበባ በአንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ውስጥ አይሠራም፤ ኩንታሉን አልጋ ስር ነው የምታደርጉት? ጎተራ የሚሆን ጥግ ያለው ቤት መኖሩም ቁጠባ ነው።

እህቴ ሳዑዲ ናት። የእሷ ደሞዝ እዚህ ካለ ሰው ደሞዝ ጋር እንዴት ይወዳደራል?

በሰው ቤት የምትሠራ ከሆነ ምግቧም መኝታዋም በአሠሪዎቿ ስለሆነ ደሞዟ ማለት ይቻላል በሙሉ ተራፊ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ነው። ብሩ ደሴ ወይም ባቲ ሲደርስ የወንድም ትምህርት፣ የአጎት ሕክምና፣ የቤት ቆርቆሮ እየሆነ ያልቃል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ስትመለስ በስሟ ምንም የለም። በገዛ ስሟ ሒሳብ ክፈቱላት፣ ለቤተሰብ የሚሆነው ድርሻ ስንት እንደሆነ ተነጋገሩ፣ የተቀረውን አትንኩባት። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን በሰው እጅ ማስላኩ እንደ ድሮው አያጓጓም፤ በባንክ ይምጣ፣ ወረቀትም ይኖረዋል።

አዲስ አበባ የሚያዋጣው ታዲያ መቼ ነው?

ሙያችሁ እዚያ ብቻ የሚያድግ ከሆነ። ሶፍትዌር፣ ትልልቅ ግንባታ፣ የኦዲት ድርጅት፣ ዓለም አቀፍ ድርጅት፤ እነዚህ ላይ ሁለትና ሦስት ዓመት የሠራ ሰው ደሞዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ደሴ ግን አለቃው ጡረታ እስኪወጣ ይጠብቃል። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ምንም ባትቆጥቡም ሂዱ፤ ያን ጊዜ የምትከፍሉት ኪራይ የትምህርት ክፍያ ነው። ሁለቱም ባልና ሚስት ሥራ የሚያገኙ ከሆነም ያዋጣል፤ ኪራይ ለአንድም ለሁለትም ያው ነውና። ዘመድ ቤት የምትጠጉ ከሆነ ደግሞ አትንገሩኝ፤ እሱማ የደሴው ሦስተኛ ሰው ሆናችሁ አዲስ አበባ ተገኛችሁ ማለት ነው።

ዕድሜያችሁ ወደ ስድሳ ለተጠጋ ሌላም ነገር አለ። የጡረታ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝ ላይ ነው። እነዚያን ዓመታት ከፍ ባለ ደሞዝ የጨረሰ ሰው አበሉን ይዞ ወደ ርካሽ ከተማ ሲመለስ ነው ሂሳቡ የሚያምርለት።

አንተስ? ተመልሰህ አተረፍክ ወይስ ከሰርክ?

በወር ሲታይ አተረፍኩ። አዲስ አበባ ከምቆጥበው ሦስት እጥፍ ገደማ እቆጥባለሁ፣ ደሞዜ አንሶ። ግን ደብተሬ ላይ አዲስ አበባ ያልነበረ መስመር ተጨምሯል። ቅሬ አለ፤ እዚያ እድር የሚሉት። የጎረቤት ለቅሶ አለ፣ የአክስት ልጅ ሰደቃ አለ፣ ቡና ጀባ ሲሉኝ ባዶ እጄን አልገባም። አዲስ አበባ ሰርግ ሲጠሩኝ «ሥራ አለብኝ» እል ነበር፤ እዚህ ጠሪው መስኮቴን አንኳኩቶ ነው የሚጠራኝ። ባለፈው ግንቦት አምስት ሰርግ ነበረብኝ፤ ሁለቱ በአንድ ቀን። እናቴ ለሁለቱም እኩል ካልሰጠህ ያሙሃል አለችኝ። እኩል ሰጠሁ፤ የግንቦት ቁጠባ የሚለው መስመር ላይ ዜሮ ነው የተጻፈው።